የሐዋሳ ሞዴል አውሮፕላን ሜዳ፦ ክረምት ሳይገባ ምን እናድርግ?

ሰማይ_ሐዋሳ | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በሪሞት የሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን የምናበር ትንሽ ክለብ አለን። ሜዳችን ከቱላ መንገድ ወጣ ብሎ ያለ የግጦሽ መሬት ነው። ባለይዞታው አንድ አዛውንት ናቸው። በቃል ፈቅደውልን ነው የምንጠቀምበት።

ጭንቀቴ ሜዳው ነው። በበልጉ ዝናብ መሬቱ እንደራሰ የአካባቢው ከብት ገባበት። ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትመታው ኮቴ የረገጠው ሁሉ እንደ ሲኒ ጎድጉዶ ደረቀ። የፎም አውሮፕላን የፊት ጎማ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ አለቀ። አፍንጫው ይተከላል፣ ፕሮፔለሩ ይሰበራል፣ የሞተር መቀመጫው ከፎሙ ተገንጥሎ ይወጣል።

ሰውም መቅረት ጀምሯል። ማልዶ መጥቶ በመጀመሪያው ማረፊያ ፕሮፔለር የሰበረ ልጅ በሳምንቱ አይመለስም። ዕቃው ደግሞ እዚህ አገር እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ የማማክራችሁ ስለ አውሮፕላን ግዢ አይደለም። ሜዳው ካልተያዘ ክለብ የሚባል ነገር አይኖርም።

እንጠር ወይስ አንጠር? ሳር እንትከል ወይስ ጠጠር እናልብስ? ሥራውንስ ማን ይሥራው? ሰኔ ሳይገባ መወሰን አለብን።

የቱላው_ልጅ | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 2፡40

እኔም አባል ነኝ፣ ሰፈሬም እዚያው ነው። ሰማይ ያለው በሙሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ማኮብኮቢያችንን መሀል ለመሀል የሚያቋርጥ የእግር መንገድ አለ። እናቶች አህያ ጭነው ገበያ የሚሄዱበት ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት የነበረ መንገድ ነው። ስለ ሜዳ ስናወራ እነሱንም እናስብ።

ስሮትል_ቀንስ | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 3፡05

እኔ አጥር ነው የምለው። በእንጨትና በሽቦ ዙሪያውን ማጠር ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ከብት ሜዳውን ስለሚያበላሽ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አውሮፕላን ለማረፍ ዞሮ ሲመጣ ጥጃ ፊቱ ገባ። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነገር በዚያ ፍጥነት ሰው ቢመታ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ብሩን እናዋጣና እንጠር።

የቱላው_ልጅ | ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 3፡12

ወንድሜ፣ አጥር ያጠርን ቀን ጠላት እንገዛለን። መሬቱ ግጦሽ ነው። አዛውንቱ ራሳቸው ጎረቤቶቻቸውን ከልክለው አያውቁም። እኛ መጥተን ብንዘጋው መጀመሪያ ሽቦው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ፈቃዱ።

ባልሳና_ሙጫ | ግንቦት 8፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ አዳማ ነኝ። ሞዴል መሥራት የጀመርኩት በባልሳ እንጨትና በሙጫ ዘመን ነው።

አዳማ ላይ ትግላችን ከነፋስ ጋር ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫው እኛ ጋ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም፤ አዳማ አንድ 34 ተርባይን፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይን አላቸው። ስለዚህ ሜዳ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው ሳሩን ሳይሆን አቅጣጫውን ነው። እናንተም አጥር ሳር ከማለታችሁ በፊት ማኮብኮቢያችሁ ወዴት እንደተዘረጋ ንገሩኝ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል። የሞቀው አየር ሲነሳ ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለው ይገባል። እንግዲህ ረፋድ ላይ ነፋሱ ከምዕራብ ሊነሳባችሁ ነው ማለት ነው። ማኮብኮቢያው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሆነ ጀማሪ ልጅ ሁልጊዜ በጎን ነፋስ ሲያርፍ ይኖራል። እሱም ከኮቴው እኩል ጎማ ይሰብራል።

ሁለተኛው ርዝመቱ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞቅ ባለ ቀን አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚሸከመው አየር ሲሳሳ አውሮፕላኑ ላለመውደቅ ፈጠን ማለት አለበት። ፍጥነቱ በመቶ 12 ገደማ ይጨምራል። ፈጥኖ የሚያርፍ ደግሞ ብዙ ይንደረደራል። ስለዚህ የውጭ ሰው በቪዲዮ «ይህን ያህል ሜትር ይበቃል» ሲላችሁ ሩብ ያህል ጨምሩበት። ለእናንተ ፎም አውሮፕላኖች 80 ሜትር በ12 ሜትር ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ መንከባከቡ ይከብዳችኋል።

ይህን ካወቃችሁ ስለ አጥሩም መልስ ታገኛላችሁ። መጠበቅ ያለበት መላው ሜዳ አይደለም። ያቺ 80 በ12 ብቻ ናት።

ሰማይ_ሐዋሳ | ግንቦት 8፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእኛ ማኮብኮቢያ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። መጀመሪያ የመረጥነው ድንጋይ ያልበዛበት ስለሆነ ነበር። ረፋድ ላይ በጎን እንደሚመታን እርግጥ ነው። ትንሽ ወደ ምዕራብ ብናዞረው አንድ ኩይሳ ይገባበታል። ኩይሳውን ማንሳት ይቻላል?

ሰርዶ_ተካይ | ግንቦት 8፣ ከቀኑ 6፡20

ኩይሳውን መናድ ይቻላል፤ ከላይ ብቻ ከቆረጣችሁት ግን ምስጡ መልሶ ይገነባዋል። ወደ ታች ቆፍራችሁ እናቲቱ ያለችበትን ክፍል ማውጣት አለባችሁ። አፈሩን አትጣሉት። ጭቃው የጠበቀ ስለሆነ ለጉድጓድ መሙያ ይሆናል።

ሥራዬ ግብርና ነው። ስለ ሳሩ ደግሞ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ጠጠር አታልብሱ። ጠጠር ፕሮፔለር ይበላል፤ በኋላ አውጡት ብትባሉም አትችሉም፤ የግጦሽ መሬትም ያበላሻል። ለእናንተ የሚሆነው ሰርዶ ነው። ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ሲረገጥ አይሞትም። አጭር ሆኖ ሲታጨድ ይበልጥ ይጠቀጠቃል። ዘር መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ በየመንገዱ ዳር ሞልቷል።

አተካከሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ ኮቴውን ሁሉ በዶማ ፈርፍራችሁ በመደልደያ አስተካክሉ። ጎድጓዳውን ከኩይሳው አፈርና ከአሮጌ ፍግ በተደባለቀ አፈር ሙሉ። የማኮብኮቢያው መሀል ከዳርና ዳሩ ጥቂት ከፍ ይበል። ውሃ እንዲወርድ በሁለቱም ጎን ጠለቅ ያላለ ቦይ አውጡ። የሐዋሳ አካባቢ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ከቀላል ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል፣ ግን በጎርፍ በቀላሉ ይሸረሸራል። ቦዩ ቁልቁል ቀጥ ብሎ እንዳይወርድ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ሲደጋገም፣ የሰርዶውን ሐረግ ሦስት አራት አንጓ እንዲኖረው አድርጋችሁ ቁረጡ። በየስንዝር ተኩሉ በመስመር ቅበሩት፤ ጫፉ ብቻ ብቅ ይበል። በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉት። ክረምቱን ሙሉ ከብት አይርገጠው፤ እናንተም አታርፉበት። መስከረም ላይ መሬቱን ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማጨድና መዳመጥ ነው። ሳሩ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲሜትር ቢሆን ለትንሽ ጎማ ይመቻል። መዳመጫ መግዛት አይጠበቅባችሁም። የ200 ሊትር በርሜል ውሃ ሞልታችሁ በመሀሉ ብረት አሳልፋችሁ ጎትቱት። ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጊዜውን ግን ጠብቁ። ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ መሬቱ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጽ ይዞ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን ነው። ጭቃ ላይ ብትዳምጡት መሬቱ ይደነድንና ሥሩ መተንፈሻ ያጣል፤ ደረቅ ላይ ብትዳምጡት ደግሞ ምንም አይለወጥም።

ስሮትል_ቀንስ | ግንቦት 8፣ ከቀኑ 7፡00

በጣም ጥሩ ትምህርት ነው፣ እናመሰግናለን። ግን «ክረምቱን ሙሉ ከብት አይርገጠው» ያልከው ያለ አጥር እንዴት ይሆናል?

የቱላው_ልጅ | ግንቦት 8፣ ከቀኑ 7፡45

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ማኮብኮቢያዋን ብቻ በእሾህ እንከልላት፤ ሽቦ አያስፈልግም። የቀረው ሜዳ እንደ ድሮው ለከብት ክፍት ይሁን። ከእሷ ላይ የሚታጨደው ሳር ደግሞ ለአዛውንቱና ለሁለቱ ቅርብ ጎረቤቶች ይሰጥ። ክረምት ላይ ለምለም ሳር ታጭዶ ቤት ድረስ ሲመጣለት ከብቱን እዚያ የሚለቅ የለም። በበጋ ቅዳሜና እሁድ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል እናበራለን። ከዚያ በኋላ ሜዳው የእነሱ ነው።

መንገዱን ደግሞ ከማኮብኮቢያው ጫፍ አልፎ እንዲዞር እኛው ራሳችን ቁጥቋጦውን መንጥረን፣ አንድ ሁለት ድንጋይ አንስተን እናስተካክለው። አዲሱ መንገድ ከአሮጌው የሚሻል ከሆነ እናቶቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ካልተሻለ ግን ስንት ጊዜ ብንለምን አይሄዱበትም።

ከአዛውንቱ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ግን ሽማግሌ ሆነው ጋሼም በስልክ ቢያነጋግሯቸው ደስ ይለኛል።

ባልሳና_ሙጫ | ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 1፡00

በደስታ። ቁጥሩን በውስጥ ላክልኝ።

ከሩቅ_አብራሪ | ግንቦት 9፣ ከሌሊቱ 6፡50

ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ውጭ ነው። እዚህ የአንድ ክለብ አባል ነኝ። ይህን ክር ሳነብ ልቤ ሞቀ።

ከሜዳው በተጨማሪ የክለቡ አሠራር ላይ ትንሽ ልበል። ዝርዝር ደንብ ከውጭ መቅዳት አያስፈልግም። እድር እንዴት እንደሚመራ ሁላችንም እናውቃለን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ የቀረ ይቀጣል። ለምሳሌ በወር 200 ብር ተዋጥቶ ግማሹ ለሜዳው ብቻ ይቀመጥ። ለባትሪና ለቻርጀር ደግሞ እቁብ ብትጥሉ ይሻላል። የሜዳውን ገንዘብ ለዕቃ አትንኩት። ሰው በገንዘብ መቀጣት ካልፈለገ አንድ ጠዋት ሳር ይጨድ። የሥራ ተራው ተጽፎ ይለጠፍ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ያ ሰው ይደክመዋል፣ ከዚያ ሜዳው ይሞታል።

ማኮብኮቢያው ላይ ደግሞ እነዚህን አጥብቁ። አብራሪዎች ሁሉ በአንድ ጎን፣ በአንድ መስመር ይቁሙ። ከመስመሩ ኋላ ሰው አለ፤ ስለዚህ ከአብራሪው ጀርባ የሚበር አውሮፕላን አይኑር። የሚያርፍ ሰው «ላርፍ ነው!» ብሎ ይጩህ። ሞተሩ የጠፋበት ቅድሚያ አለው። ድሮ ሁለት ሰው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ከበራ አንዱ ይወድቅ ነበር፤ አሁን በ2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞቱ ራሱ ከፍሪኩዌንሲ ወደ ፍሪኩዌንሲ እየዘለለ ስለሚሠራ ያ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ግን ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሩ እንዲጠፋ ሬሲቨሩ (አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሲግናል ተቀባይ) መስተካከሉን እያንዳንዱ ሰው ከመብረሩ በፊት መሬት ላይ ይፈትሽ። አውሮፕላኑን አንድ ሰው ከኋላው ይያዝ፣ ሪሞቱን አጥፉ፣ ሞተሩ ይቁም። ካልቆመ ያ አውሮፕላን የዚያን ቀን አይበርም።

ባትሪ፦ ሊፖ (የአውሮፕላኑ ሊቲየም ባትሪ) ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥ። ሳምንቱን ሙሉ የማይበር ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡት፤ ሞልቶ መቀመጥ ያበላሸዋል። ቻርጅ የምታደርጉበት ቦታ አጠገብ አንድ ባልዲ አሸዋ ይኑር።

አወያይ | ግንቦት 9፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ፈቃድ ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለበዛ እዚሁ ልመልስ። በሪሞት የሚበር ዕቃ ከውጭ ከማስገባት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድሮን ነክ ፈቃድ የሚያየው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ የአየር ክልሉ ደግሞ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥር ነው። ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኛል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል።

ክለቡ በማህበርነት መመዝገብ ከፈለገ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ለማህበር ቢያንስ አምስት መሥራቾችን ይጠይቃል። በክልል ደረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ የክልሉን ቢሮ ጠይቁ። ምዝገባው እስኪያልቅ ግን ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ፤ ቅጂውን ሜዳ ላይ ያዙ። የእኔ ምክር ደግሞ ካሜራ ያለው ዕቃ ሜዳው ላይ አይኑር። ለካሜራው የሚጠየቀው ነገር ብዙ ነው፤ አንድ ሰው በካሜራ ምክንያት መላውን ክለብ ማዘጋት ይችላል።

መምህርት_ሐዋሳ | ግንቦት 9፣ ከቀኑ 10፡15

እኔ ያሳሰበኝ ልጆቹ ናቸው። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ ማኮብኮቢያው ይሮጣል። ፕሮፔለሩ ገና አልቆመም! ብትቆጧቸው ይመለሳሉ፣ ቀጥሎ ግን ያው ነው። መቆጣት ብቻውን አይሠራም።

ሥራ ስጧቸው። ትልልቆቹን መስመር ጠባቂ አድርጓቸው፤ ደማቅ ጨርቅ ደረታቸው ላይ እሰሩላቸው። ትንንሾቹን እነሱ ይይዟቸዋል። ሌላው ደግሞ የራሳቸው የሚበር ነገር ይኑራቸው። ከፎም ቁራጭ ተንሸራታች መሥራት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ክንፍ፣ ጅራት፣ አፍንጫው ላይ ሚዛን እንዲጠብቅ ትንሽ ጭቃ። ላስቲክ የሚያሽከረክረው ፕሮፔለር ቢጨመርበት ራሱ ይበራል። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በ1871 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያበረራት በላስቲክ የምትሠራ ትንሽ ሞዴል 11 ሴኮንድ አየር ላይ ቆይታለች። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ «እኛ 12 እናደርሳታለን» አሉ። እስካሁን አላደረሷትም፣ ግን በየቀኑ እየሞከሩ ነው።

እና አንድ ሐሳብ። «ፀሐይ»ን ለምን በሞዴል አንሠራም? በኢትዮጵያ ምድር በ1935 እ.ኤ.አ. የተሠራችው አውሮፕላን ናት፤ በጣሊያን ብዙ ዘመን ቆይታ ጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። ልጆቹ ያቺን ስም ያለባት አውሮፕላን ሜዳቸው ላይ ሲያዩ ሜዳውን ራሳቸው ይጠብቁታል።

ሰማይ_ሐዋሳ | ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 12፡50

መምህርት፣ የ«ፀሐይ»ን ነገር ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ! እንሠራታለን። ፎቶዎችን መሰብሰብ ጀምሪልን፣ ልኬቱን እኔና ስሮትል እንይዛለን።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ረፋድ ላይ አባ ኮዳ ይበዛብናል። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የጠገበው ሁሉ እኛ ጋ የሚመጣ ይመስላል። ምን ታደርጋላችሁ?

ባልሳና_ሙጫ | ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 1፡30

አባ ኮዳ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል ሊበልጥ ይችላል። አውሮፕላናችሁን አያጠቃም፤ ግን ከተጋጫችሁ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። እሱ የሚበረው በሞቀ አየር ላይ ተንሳፎ ነው። መሬቱ ሳይግል እሱ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ማልዳችሁ ጀምሩ፣ ክብ እየሠራ ሲወጣ ስታዩ አሳርፉ። ጭልፊት ግን ያጠቃል። እሱ ከመጣ አትጫወቱ፤ ወርዳችሁ አሳርፉ።

ሜዳው ላይ የምግብ ትርፍ አትጣሉ። እንጀራውንም አጥንቱንም ይዛችሁ ተመለሱ።

ሰርዶ_ተካይ | ግንቦት 10፣ ከጠዋቱ 2፡00

ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ። ዶማና መደልደያ ያለው ይያዝ። በርሜል ግን አላገኘሁም።

የቱላው_ልጅ | ግንቦት 10፣ ከጠዋቱ 2፡25

አዛውንቱ እሺ ብለዋል። ጋሼ ጋርም ረጅም ሰዓት አወሩ። ሳሩ መጀመሪያ ለእሳቸው ላም እንዲደርስ ነው የጠየቁት፣ እኔም ቃል ገብቻለሁ።

በርሜሉን አጎቴ ጋ አገኘሁ። ክዳኑ ግን ያፈሳል። የጎማ ማሸጊያ ያለው ይዞ ይምጣ።

ስሮትል_ቀንስ | ግንቦት 10፣ ከጠዋቱ 2፡40

አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ አለኝ፣ በልኩ እቆርጠዋለሁ። እሾሁንም ከእናንተ ጋር እሸከማለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12፡30 ቱላ መንገድ መታጠፊያው ላይ እጠብቃችኋለሁ።